አምስተኛው ታሪክ ቢቀርስ?

ሽያም ሰልቫዱራይ የተባለው የስሪላንካ ተወላጅ «ፈኒ ቦይ» የተሰኘውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በ1994 ካናዳ ውስጥ አሳተመ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ በስድስት ታሪኮች የተዋቀረ ነው። እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ሊነበብ ይችላል፤ ሲያያዙ ግን አርጂ የሚባል የኮሎምቦ ታሚል ልጅ ከሰባት ዓመቱ ግድም ጀምሮ፣ ቤታቸው ተቃጥሎ ቤተሰቡ ለስደት እስከተዳረገበት እስከ 1983 ድረስ ያደገበትን ዘመን ይተርካሉ። አርጂ ሌሎቹን ወንዶች ልጆች እንደማይመስል ገና በጠዋቱ ያውቃል። ለምን እንደማይመስል የሚያውቀው ግን ዘግይቶ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጀመሪያውን ታሪክ ወደ አማርኛ መልሼ ለአንድ አሳታሚ ወዳጄ አሳየሁት። ወደደው። የቀሩትን አምስቱን በቃል ተረኩለት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ፣ «አምስተኛው ታሪክ ቢቀርስ? ስድስተኛውንም ትንሽ ብንከረክመው?» አለኝ። በአምስተኛው ታሪክ አርጂ ሼሃን ከተባለ የክፍል ጓደኛው ጋር ይዋደዳል። ወዳጄ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪም አይደለም። ስሌቱ ግልጽ ነበር፦ ያ ሲቀር የሚተርፈው የብሔረሰብ ጠብ፣ የቋንቋ ጥያቄ፣ የተቃጠለ ቤትና ስደት ነው፤ ይህ ደግሞ ለእኛ አንባቢ ምንም ማብራሪያ አያሻውም። በወቅቱ የሚረባ መልስ አልሰጠሁትም። ነገሩ ሲከነክነኝ መጽሐፉን እንደገና ከሥር አነበብሁት።

የመጀመሪያው ታሪክ የሚጀምረው በአያት ቤት ነው። እሑድ እሑድ የልጅ ልጆች ሁሉ እዚያ ይውላሉ። ወንዶቹ በደጅ ክሪኬት ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ በጓሮ «ሙሽሪት ሙሽሪት» ይጫወታሉ። (የኮሎምቦ እንግሊዝኛ የጨዋታውን ስም የሚጠራው ቃሉን ደግሞ ነው፤ ልክ እኛ «እቃ እቃ» እንደምንለው። ተርጓሚ እንዲህ ያለ ሎተሪ የሚወጣለት በዓመት አንዴ ቢሆን ነው።) አርጂ ሙሽራዋ ነው። ሳሪውን ለብሶ፣ ዐይነ ርግቡን ደፍቶ የጨዋታው ንግሥት ይሆናል። አንድ ቀን ከውጭ አገር የመጣች የአክስቱ ልጅ ቦታውን ልትነጥቀው ትነሣለች፤ ጠቡ ሲጋጋል እናቷ አርጂን ከነሳሪው እየጎተተች ትልልቆቹ ወደተቀመጡበት ሳሎን ታስገባዋለች። ሳሎኑ በሣቅ ይሞላል። አንድ አጎቱ ለአባትየው «ፈኒ» ልጅ እንደወጣለት እየቀለደ ይነግረዋል። አባት አይሥቅም።

ልጁ ይህችን ቃል ያብሰለስላታል። አንድም የሚያስቅ ማለት ነው፣ አንድም እንግዳ የሆነ ነገር ማለት ነው፤ ነገር ግን አባቱ ቃሏን ሲጠራት በድምፁ ውስጥ የሰማው መጸየፍ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። የመጽሐፉ ርእስ ይህች ቃል ናት፤ የተርጓሚውም መከራ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። «አስቂኝ» ብል ግማሹ ይቀራል። «ሴታ ሴት» ብል ልጁ ገና ያልገባውን ነገር አንባቢው በመጀመሪያው ገጽ ይጨርሰዋል። ብዙ ከተንገላታሁ በኋላ «ጉደኛ» የሚለው ላይ ቆምሁ። ጉደኛ ሰው ያስቃል፤ ያስደንቃል፤ ውስጡ ግን ጎረቤት ተጠራርቶ «ጉድ! ጉድ!» የሚልበት ነውር አለ። የእንግሊዝኛው ቃል ይህን ያህል አይከብድም። የዕለት ተዕለት ቃል ነው፤ የሚያስፈራውም ያ ቅለቱ ነው። «ጉደኛ» ስል ከቅለቱ የሆነ ነገር እንደጎደለብኝ አውቃለሁ።

የባሰው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። ልጁ ሲያድግ የሚደርስበትን ማንነት በአማርኛ ምን ብለን እንጠራዋለን? ያለን ቃል «ግብረ ሰዶማዊ» ነው። ስብከቱም፣ ጋዜጣውም በዚሁ ይናገራሉ፤ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ የማነሣው የቋንቋ ነገር ብቻ ነው። «ግብር» ማለት ሥራ፣ ድርጊት ነው፤ «ሰዶም» እሳት የዘነበባት ከተማ ናት። ቃሉ አንድን ድርጊት ይጠራና በዚያው ትንፋሽ ፍርዱን ይሰጣል። አርጂ ግን በመጀመሪያው ታሪክ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። አንድም ግብር የለውም። ሳሪ ለብሶ ተጫውቷል፤ እናቱ ለግብዣ ስትዘጋጅ ጌጧን ማየት ይወዳል፤ ሌላ ምንም። ቃላችን ይህን ልጅ ሊጠራው አይችልም፤ ሊፈርድበት ብቻ ነው የሚችለው። «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» የሚለው አዲሱ ሐረግ ደግሞ ስድብ የለበትም፤ ነገር ግን የጉባኤ ሪፖርት ቋንቋ ነው፤ በዚህ ቃል ስለ ልጇ የምትጨነቅ እናት ገና አልተወለደችም። ስለዚህ በትርጉሜ ውስጥ ከሁለቱም አንዱን አልተጠቀምሁም። ደራሲውም ቢሆን ልጁን በስም ለመጥራት አይቸኩልም።

አባትና እናት ምን ያደርጋሉ? በስሪላንካ የወንድ ለወንድ ግንኙነትን የሚቀጣው ድንጋጌ የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች በ1883 ባወጡት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ የገባ ነው፤ የኬንያና የኡጋንዳ ድንጋጌዎችም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። (መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ፣ በ1995፣ የስሪላንካው ሕግ ተሻሻለ፤ ማሻሻያው ግን ሴቶችንም እንዲጨምር ነው ያደረገው።) ይሁንና አርጂን ፍለጋ አንድም ፖሊስ አይመጣም። የሚሆነው ይህ ነው፦ እናቱ ስትለብስና ስታጌጥ አጠገቧ ተቀምጦ እንዲያይ ትፈቅድለት ነበር፤ ከዚያ እሑድ በኋላ የመኝታ ቤቷን በር ትዘጋበታለች። ለምን ሲላት መልስ የላትም፤ ዓለም እንዲህ ነው ከማለት በቀር። ራሷም የማታምንበትን ፍርድ ማስፈጸሟን ገጽታዋ ይናገራል። ስለ ጭቆና ብዙ ልብ ወለድ አንብቤአለሁ፤ ይህን ያህል ያሳመመኝ የተዘጋ በር ግን አላስታውስም።

በመካከል ያሉትን ሦስት ታሪኮች ባጭሩ ልለፋቸው። ራዳ የተባለች አክስቱ አኒል የተባለ ሲንሃላ ትወድና ቤተሰብ ይለያያቸዋል። እናቱ የቀድሞ ወዳጇን ጋዜጠኛውን ዳሪልን ታገኛለች፤ እርሱ በጃፍና የሚፈጸመውን ግፍ ሊያጣራ ሄዶ አስከሬኑ ይመለሳል። ጄጋን የተባለ የአባቱ ወዳጅ ልጅ ቤታቸው ገብቶ ሲሠራ፣ ታሚል በመሆኑ ብቻ ይጠረጠራል። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የተከለከሉት ፍቅሮች አንዱ ለሌላው መልክ እንዲሆን በጣም ተስተካክለው ተደርድረዋል፤ ልጁ ከእያንዳንዱ አዋቂ አንድ አንድ ትምህርት እየቀሰመ የሚያልፍ ይመስላል። ሕይወት እንዲህ ሥርዓተ ትምህርት አታወጣም።

አምስተኛው ታሪክ ግን ሌላ ነው። አባቱ አርጂን ወደ ቪክቶሪያ አካዳሚ ያዛውረዋል፤ ምክንያቱም ያ ትምህርት ቤት ወንድ ያደርገዋል። ልጁ በገባበት ቀን የክፍሉ ጉልበተኛ፣ ታሚል ሆነህ ሲንሃላ ክፍል ምን ትሠራለህ ብሎ ይይዘዋል። አርጂ እዚያ ክፍል የተገኘው አባቱ ገና በሕፃንነቱ፣ የወደፊቱ ቋንቋ ሲንሃላ ነው ብሎ ስላስገባው ነው። (ሲንሃላ ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ1956 በወጣ ሕግ ነበር።) እንግዲህ አንድ አባት ልጁን ከሁለት አደጋ ሊያድነው ሞከረ፦ ታሚልነቱ በሲንሃላ ቋንቋ እንዲሸፈን፣ «ጉደኛነቱ» በአካዳሚው ዱላ እንዲቃና። ሁለቱ መድኖች የተገዙት ከአንድ ቤት ነው። ይህን ያስተዋልሁት ለሦስተኛ ጊዜ ሳነብ ነው፤ ለወዳጄም መልሱ እዚሁ ላይ ነበር። አምስተኛው ታሪክ ከወጣ የአባትየው ጥበብ ሙሉውን አይታይም፤ ኪሳራውም እንደዚሁ።

ተማሪዎቹ «ጥቁር ከረባት» የሚሉት ርእሰ መምህር ጨካኝ ነው። ነገር ግን አካዳሚው የሁሉም ሆኖ እንዲቀጥል የሚፈልግ እርሱ ነው፤ ምክትሉ ትምህርት ቤቱን የሲንሃላ ቡድሂስቶች ብቻ ሊያደርገው ይሻል። ርእሰ መምህሩ ወንበሩን ለማትረፍ በሽልማት ቀን በክብር እንግዶች ፊት ትልቅ ንግግር አዘጋጅቷል፤ ንግግሩም አርጂ በቃሉ በሚወጣቸው ሁለት የእንግሊዛዊው የሄንሪ ኒውቦልት ግጥሞች ላይ የቆመ ነው። የታሚሎች ጥቅም ግጥሙ ያምር ዘንድ ይጠይቃል። አርጂ ግን ይህ ሰው ሼሃንን ቀን ከሌት ሲያሳድደው አይቷል። መድረኩ ላይ ወጥቶ፣ ሆን ብሎ፣ ግጥሞቹን ያምታታቸዋል፤ ንግግሩም እግር አጥቶ ይወድቃል።

መጀመሪያ ሳነብ ተቆጣሁ። ከወገን ጥቅም የአንድ ልጅ ፍቅር ይበልጣል? እኛ ያደግነው፣ አንተ ቅር፣ ቤቱ ይቁም እየተባልን ነው። ደራሲው ለዚህ ቁጣ ቦታ ትቶለታል፤ አርጂ የሚያደርገውን ያውቃል፣ ጥፋቱንም አይክድም። ኋላ ግን ያ ከለላ ምን ዋጋ እንደተከፈለበት አሰብሁ። ጥቁር ከረባት የሚጠብቃቸው ልጆችና የሚገርፋቸው ልጆች እነዚያው ናቸው። አርጂ መልካም አደረገ ማለት አልደፍርም። ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር ግን እስካሁን አልመጣልኝም።

የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ የሚደረግለት ሼሃን ራሱ ደብዛዛ መሆኑ ነው። ረዘም ያለ ጸጉር፣ ድፍረት፣ ብቸኝነት፤ ከዚያ በላይ እምብዛም አናውቀውም። አክስቶቹንና አያትየዋን በሁለት መስመር ሕያው ያደረገ ብዕር እዚህ ምን ነካው? የአገልጋዮቹም ነገር አለ፤ ሻይ አቅርበው ይወጣሉ፣ የቤቱን ምሥጢር ሁሉ ያውቃሉ፣ የራሳቸው ምሥጢር ግን እንዳላቸው አይጠረጠርም።

ስድስተኛው ታሪክ የማስታወሻ ደብተር ነው። በሐምሌ 1983 በጃፍና 13 ወታደሮች በታሚል ታጣቂዎች ከተገደሉ በኋላ ኮሎምቦ ነደደች፤ የሟቾቹ ቁጥር ከጥቂት መቶዎች እስከ 3000 ይገመታል። ረብሸኞቹ የመራጮች ስም ዝርዝር ይዘው ነበር የታሚል ቤቶችን የለዩት። በልብ ወለዱ የአርጂ ቤት ይቃጠላል፤ አያቶቹ መኪናቸው ውስጥ ይነድዳሉ። ልጁ ይህን የሚጽፈው ቀን እየጠቀሰ፣ በደረቅ ዐረፍተ ነገር ነው። ሲንሃላውን የሚያቀላጥፈው ልጅ ስሙ ከዝርዝሩ አልወጣም። በሳሎኑ ሣቅ የተጀመረው ስም አወጣጥ እዚህ ጎዳና ላይ ወረቀት ይዞ ይመጣል።

በ2020 ዲፓ ሜህታ መጽሐፉን ፊልም አድርጋዋለች። ካናዳ ለኦስካር የዓለም አቀፍ ፊልሞች ዘርፍ አቅርባው ነበር፤ እንግሊዝኛ በዝቶበታል ተብሎ ተመለሰ። የቋንቋ ጣጣ ይህን ታሪክ የትም ቢሄድ አይለቀውም።

አሳታሚ ወዳጄን ባለፈው ሰሞን አገኘሁት። የአባትየውን ነገር፣ ሁለቱን መድኖች፣ አብራራሁለት። «ገባኝ» አለ፤ ቡናውን ጨረሰና፣ «እኔ ግን ማተሚያ ቤቱ ነው የሚያስጨንቀኝ» አለኝ። ስድስቱም ታሪኮች አሁን በአማርኛ አሉ፤ አምስተኛው አልተነካም። ርእሱን «ጉደኛው ልጅ» ብዬ በእርሳስ ጽፌዋለሁ።