የዐሥራ ሦስተኛው ቀን፤ ስለ አንድ የሕንድ ቤተ ሰብ ሲኒማ

በለቅሶ ቤት የሚያስቅ ነገር አይገኝም የሚል ሰው፥ በለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ውሎ አላደረም ማለት ነው። እንባው ሳይደርቅ ስለ ወጡ ጨው የሚከራከር አለ፤ የሟቹ አልጋ ሳይነሣ ስለ መኝታ ቦታ የሚጣላ አለ፤ ከሩቅ አገር መጥቶ ደረቱን የሚመታ፥ ነገር ግን ሟቹን በሕይወቱ ሳለ ዐሥር ዓመት ያልጠየቀ አለ። ይህን ሁሉ የተመለከተ ሰው ሊስቅም ሊያለቅስም ይችላል። ተመልካቹን በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ማስደረግ ግን የብልህ ደራሲ ሥራ ነው። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንናገርለት የወደድነው የሕንድ ሲኒማ ይህን ሥራ ከሞላ ጐደል የፈጸመ ነው።

ስሙ በሕንዲ ቋንቋ «ራምፕራሳድ ኪ ቴህርቪ» ይባላል፤ ትርጓሜውም የራምፕራሳድ ዐሥራ ሦስተኛ ቀን ማለት ነው። በሰሜን ሕንድ የሂንዱዎች ልማድ፥ ሰው ሲሞት ቤተ ሰቡ ኀዘን ይቀመጣል፤ በዐሥራ ሦስተኛውም ቀን ሥርዐቱን ፈጽሞ፥ እንግዶችን አብልቶ፥ ወደየሥራው ይመለሳል። ታሪኩን የደረሱትና ያዘጋጁት ወይዘሮ ሲማ ፓህዋ ናቸው። እኒህ ሴት በ1976 ዓ.ም. በሕንድ ቴሌቪዥን በተጀመረው «ሁም ሎግ» በተባለው የቤተ ሰብ ተከታታይ ትያትር ታላቂቱን ሴት ልጅ ሆነው በመጫወት ስማቸው የታወቀ ተዋናይት ሲሆኑ፥ ሲኒማ ሲያዘጋጁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ሥራቸው በ2012 ዓ.ም. በሙምባይ የፊልም በዓል ታየ፤ ለሕዝብ የወጣው ግን ታኅሣሥ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ፊልምፌር የተባለውን የታወቀውን የሕንድ ሽልማት በጀማሪ አዘጋጅነት ተቀብለውበታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በሉክናው ከተማ በሚገኝ አንድ አሮጌ ሰፊ ቤት፥ ራምፕራሳድ የተባሉ ሽማግሌ የሙዚቃ መምህር ከፒያኖአቸው አጠገብ ሳሉ በድንገት ያርፋሉ። አራቱ ወንዶችና ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው፥ ምራቶቹ፥ የልጅ ልጆቹና ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ከየአገሩ ይሰበሰባሉ። ባልና ሚስት ብቻቸውን ያረጁበት ቤት በአንድ ቀን መተላለፊያ ያጣል። ማን ከማን ጋር ይተኛ? ሻዩ ለማን ቀድሞ ይቀዳ? ወደ መጸዳጃው ማን ቀድሞ ይግባ? እንዲህ ያለው ጥቃቅን ክርክር የኀዘኑን ጊዜ ይሞላዋል። ወንድማማቾቹም አባታቸው የባንክ ዕዳ ትተው እንደ ሞቱ ሲሰሙ ኀዘናቸው ወደ ሒሳብ ይለወጣል። ገንዘቡ ለምን ተወሰደ? ለማንስ ዋለ? አንዱ ሌላውን ይጠረጥራል። በመጨረሻም ጥርጣሬው ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ሟቹ ይዞራል፤ ለእኔ ይህን አላደረገልኝም፥ ለእገሌ አዳላ፥ እኔን አላስተማረኝም እያሉ ሁሉም ሙት ወቃሽ ይሆናሉ። የሚደንቀው ነገር በዚህ ወቀሳ ላይ ተጣልተው የነበሩት ወንድማማቾች መስማማታቸው ነው፤ በአባታቸው ሕይወት ያላገኙትን አንድነት በአባታቸው ክስ ላይ አገኙት።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። እናቲቱ ናቸው። ይህን ክፍል የሚጫወቱት ሱፕሪያ ፓታክ፥ ባለቤታቸውን ራምፕራሳድን ሆነው የሚጫወቱት ደግሞ ናሲሩዲን ሻህ ናቸው። ወይዘሮ ሱፕሪያ በአብዛኛው የሚጫወቱት በአፋቸው ሳይሆን በጆሮአቸው ነው። በአንዱ ክፍል ተቀምጠው ከሌላው ክፍል የሚመጣውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ልጆቻቸው እርሳቸውን ማን ይውሰድ፥ ቤቱስ ምን ይሁን እያሉ ሲማከሩ ያደምጣሉ። ተዋናይቱ ፊታቸውን አያጨፈግጉም፥ ደረታቸውን አይመቱም፤ ነገር ግን የሚመለከታቸው ሰው የባላቸው ሞት አንድ ኀዘን፥ የልጆቻቸው ምክክር ሌላ ኀዘን እንደ ሆነባቸው ያለ ቃል ይረዳዋል። ሥርዐቱ በቀን ተቈጥሮ ያልቃል፤ ይህ ሁለተኛው ኀዘን ግን ቍጥር የለውም።

ይህን ሲኒማ ከተራ ማላገጫ የሚለየው ሳቁ የሚያርፍበት ቦታ ነው። አንዳንድ አስቂኝ ትያትር በሞት ላይ ያላግጣል፤ ሌላውም በሥርዐቱ ላይ፥ አሮጌ ልማድ ነው ብሎ ያላግጣል። ወይዘሮ ሲማ ይህን ሁለቱንም አላደረጉም። ሞቱ ሞት ነው፤ ሥርዐቱም ሥርዐት ነው። የሚያስቁን ሥርዐቱን በቀኑና በሰዓቱ ጠብቀው እየፈጸሙ፥ ሥርዐቱ የተሠራላትን ሰው የረሱት ልጆች ናቸው። ለእንግዳው የሚቀርበው ምግብ ይቈጠራል፤ የሚጠራው ዘመድ በስም ይጻፋል፤ እናቲቱን ግን ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሳቃችን ከሩቅ ሆነን የምንስቀው ሳቅ አይደለም፤ ከሳቅን በኋላ የየቤታችንን ሰዎች እየቈጠርን ዝም እንላለን።

ይህን አስተያየት ለማጥራት በዚያው በ2013 ዓ.ም. ከወጣ ከሌላ የሕንድ ሲኒማ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ስሙ «ፓግላይት» ይባላል፤ ያዘጋጁት አቶ ኡሜሽ ቢስት ናቸው። እርሱም በሉክናው፥ እርሱም በዚያው በዐሥራ ሦስቱ የኀዘን ቀናት ውስጥ የተደረገ ታሪክ ነው። በዚያ ግን የሞተው ሽማግሌ ሳይሆን ወጣት ባል ነው፤ ጥቂት ወራት ብቻ በትዳር የኖረችው ሚስቱም ማልቀስ አቅቷት ቤተ ሰቡ ይገረማል። ከዚያም ሟቹ ሕይወቱን ዋስትና አስገብቶ ገንዘቡ ለእርስዋ እንዲሰጥ ማድረጉ ሲሰማ፥ ትናንት ሸክም የነበረችው ምራት ዛሬ ውድ ልጅ ትሆናለች። እንግዲህ ልዩነቱን እንመልከት። በአንደኛው ቤት ሟቹ ገንዘብ ትቶ ሄደ፤ ሁሉም ወደ መበለቲቱ ተጠጋ። በሁለተኛው ቤት ሟቹ ዕዳ ትቶ ሄደ፤ ሁሉም ከመበለቲቱ ሸሸ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የነገሩን ሥር ያገኛል፤ መጠጋቱም መሸሹም መነሻው አንድ ነው፥ ሴቲቱን ራስዋን ያየ የለምና። በእኛ አስተያየት ግን «ራምፕራሳድ» የበለጠ ደፋር ነው። የዋስትና ገንዘብ በድንገት የሚመጣ ነገር ስለ ሆነ ታሪኩን በጉልበት ይገፋዋል፤ ዕዳ ግን በየቤቱ የሚገኝ ነገር ነው፤ ተመልካቹም ይህ በእኔ አይደርስም ብሎ ማምለጫ አያገኝም።

ሥራው ጕድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። ሰዉ ከመጠን ይበዛል። ቤቱ እንዲጨናነቅ የደራሲቱ ፈቃድ እንደ ሆነ ይገባናል፤ ዳሩ ግን ተመልካቹ ማን የማን ልጅ፥ ማን የማን ሚስት እንደ ሆነ ለመለየት ሲደክም የታሪኩ ክር ከእጁ ያመልጠዋል። ምራቶቹም ብዙውን ጊዜ እንደ አንድ አፍ ሆነው ያማሉ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ልብ እንዳላቸው የሚያሳይ ቦታ አልተሰጣቸውም። የልጅ ልጅ ሆኖ የሚጫወተው ቪክራንት ማሴ ብርቱ ተዋናይ ሲሆን፥ የተሰጠው የወጣትነት ፍቅር ግን ከዋናው ነገር ጋር የማይገናኝ ቅጥያ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ የሚካሰን በኮንኮና ሴን ሻርማ የምትጫወተው የታናሹ ልጅ ሚስት ናት። ከሌላ ከተማ የመጣች፥ ትያትር ለመጫወት የምትሻ በመሆንዋ ሌሎቹ ምራቶች እንደ ባዕድ ያዩአታል፤ ባዕድ በመሆንዋም ቤቱን ጥርት አድርጋ ታየዋለች። የቤት ልጅ የለመደውን ነውር አያይም፤ እንግዳ ግን ያየዋል።

የሕንድ ሲኒማ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ በመርካቶ ሲኒማ ራስ የሕንድ ፊልም እየተጋፉ ያዩ ሽማግሎች ዛሬም አሉ። ከሕንድ የመጡ መምህራንም በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአያሌ ዓመታት አስተምረዋል። የእኛው የአስቂኝ ትያትር ደራሲ መንግሥቱ ለማም በሕንድ አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል፤ እርሳቸውም በ«ያላቻ ጋብቻ» የቤተ ሰብን ጉዳይ በሳቅ መርምረዋል። ዳሩ ግን አባቶቻችን የሚያውቁት የሕንድ ሲኒማ ጀግናና ወንበዴ፥ ዘፈንና ጭፈራ የሞላበት ነው። ይህኛው ጀግናም ወንበዴም የለበትም፤ ወጥ ቤትና መኝታ ቤት፥ እንዲሁም የሚያርፍበት ቦታ ያጣ ዘመድ ነው ያለበት። ስለዚህም ወደ እኛ ይበልጥ ይቀርባል።

እንዴት እንደሚቀርብ እንናገር። በእኛም አገር ኀዘን በቀን ይቈጠራል። ሠልስት፥ ሰባት፥ አርባ፥ ሰማንያ፥ መንፈቅና ሙት ዓመት የሚሉት ቃላት ከሕፃንነታችን ጀምሮ የሰማናቸው ናቸው። ተዝካር በማያወጣው ክርስቲያን ዘንድም ቢሆን ድንኳን ይተከላል፥ እድርተኛው ይሰበሰባል፥ ጎረቤት በየተራ ምግብ ያመጣል። ይህ መልካም ነው፤ ሐዘንተኛን ብቻውን የማይተው ሕዝብ የተመሰገነ ሕዝብ ነው። ነገር ግን ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ያለውን ቀን የሚቈጥር እድር የለም።

ለምሳሌ የጌዴኦን አገር እንውሰድ። ከዲላ እስከ ሬኮ ድረስ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትና ቡና አብረው የሚበቅሉበት ይህ አገር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እዚያ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ ይኖራል፤ መሬቱም ከአባት ወደ ልጆች ሲከፋፈል የኖረ ስለ ሆነ የአንዱ ድርሻ ጠባብ ነው። ሶንጎ በተባለው የሽማግሎች ሸንጎ ጠብ ይታያል፥ ዕርቅ ይወርዳል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር አባት ሲያርፍ ወንድማማቾች በቡናው እግር ላይ ዐይናቸውን ቢጥሉ የሚያስገርም አይደለም፤ ድህነትና ጥበት ያስገድዳቸዋልና። ሊያስገርመን የሚገባው፥ ያን ቡና ከሟቹ ጋር ስትለቅም የኖረችው እናት በክፍያው ጊዜ እንደ ባለ ድርሻ ሳይሆን እንደሚከፈል ዕቃ የተቈጠረች እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ኑዛዜ በሚወረስ ሀብት ልጆችን በመጀመሪያው ተራ ያደርጋቸዋል፤ ሚስትን ግን ከወራሾች ተራ አላገባትም። ዳሩ ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ጋብቻ ሲፈርስ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት በመሠረቱ እኩል እንዲካፈል ይደነግጋል፤ ልጆችም የተቸገረ ወላጅን የመቀለብ ግዴታ አለባቸው። እንግዲህ ባሏ የሞተባት ሴት ከጋራው ሀብት ግማሹን የምትይዘው በልጆቿ ቸርነት አይደለም፥ በውርስም አይደለም፤ ቀድሞውኑ የራስዋ ስለ ሆነ ነው። በልጆቿ ቤት እንግዳ ከመሆንዋ በፊት በገዛ ቤትዋ ባለቤት ናት።

የሲኒማው ፍጻሜ ይህንኑ ነገር ያለ ሕግ መጽሐፍ ይናገራል። ዐሥራ ሦስቱ ቀናት ሲፈጸሙ ልጆቹ ሻንጣቸውን አሥረው ወደየመጡበት ይሄዳሉ፤ እናቲቱ ግን የማንንም ውሳኔ ሳይጠብቁ በገዛ ፈቃዳቸው በገዛ ቤታቸው ይቀራሉ። አንዳንድ ተመልካች ይህን ፍጻሜ የድል ፍጻሜ ብሎ ያጨበጭብለት ይሆናል። እኛ ግን ግማሽ ድል ብቻ ሆኖ አገኘነው። የእናቲቱ ክብር ተጠብቋል፤ ብቻቸውን መቅረታቸው ግን የስድስት ልጆች ዕዳ ሆኖ ይኖራል፤ ይህ ዕዳ አባታቸው ከተበደሩት ይከብዳል፥ በገንዘብም አይከፈልም። ደራሲቱ ልጆቹን በስብከት አልገሠጹአቸውም፥ በመጨረሻም እርስ በርሳቸው አቅፈው እንዲላቀሱ አላደረጉም። እንዲሁ አሰናበቱአቸው። የሥራው ታማኝነት እዚህ ላይ ነው፤ በብዙ ቤት የሚሆነው እንዲሁ ነውና።

ስለዚህ ይህን ሲኒማ ለቤተ ሰብ ሁሉ፥ ይልቁንም ወላጆቻቸውን በአገር ቤት ትተው በከተማ ለሚኖሩ ልጆች እንዲያዩት እንመክራለን። ይስቁበታል፤ መሳቃቸውም አይከፋም። ካዩት በኋላ ግን አርባ እስኪደርስ ሳይጠብቁ፥ እናታቸው ገና በሕይወት ሳለች፥ ምን ትፈልጊያለሽ ብለው ቢጠይቋት ደራሲቱ የደከሙበት ሥራ ፍሬ አፈራ ማለት ነው።