ለገበያ የታደሰ ብራና

የብራና መጽሐፍ ሥዕል ካለው ዋጋው ይንራል። ከዚህ የተነሣ ሥዕል ያልነበረው ዳዊት ወይም ድርሳን ነጋዴ እጅ ሲገባ ሥዕል ይጨመርበታል፤ የደበዘዘ ፊደሉ ይደምቃል፤ አሮጌው ገበታ አዲስ ቆዳ ይለብሳል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ዛሬ በኢንተርኔት ፎቶግራፉ ብቻ ታይቶ ይሸጣል። ፎቶግራፉን በደንብ የሚመለከት ሰው ግን ብራናውን በእጁ ሳይነካ አብዛኛውን ማጭበርበር ሊለይ ይችላል።

ለማመሳከር የሚበጀው ዘመኑ በውል የታወቀ ሥራ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚጠበቀው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀ ነው። የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ምስልም አለበት። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በቁጥር 1832 መዝግቦታል። በዚህ ዓይነቱ ጥንታዊ ወንጌል ሥዕል የራሱ ቅጠል፣ የራሱ ስፍራ አለው። በኋላ ዘመን፣ ለምሳሌ በተአምረ ማርያም፣ ሥዕልና ጽሑፍ አንድ ገጽ ሊጋሩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜም ጸሐፊው አስቀድሞ ቦታ ይተዋል።

ለሽያጭ የገባው ሥዕል ግን ቦታ አልተተወለትም። ጽሑፉ ታጥቦ ወይም ተፍቆ በላዩ ይሣላል። ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት በወስፌ የተሠመረው መሥመር በቅዱሱ ፊት ላይ ያልፋል፤ የተፋቀው ፊደልም እንደ ጥላ ብቅ ይላል። የገጹ ግርጌ በስንት ትውልድ አውራ ጣት ጠቁሮ ሥዕሉ ትናንት የተቀባ ከመሰለ፣ ወይም ቀለሙ በስንጥቁና በብል ቀዳዳው ውስጥ ከገባ፣ ጉዳቱ ሥዕሉን ቀድሟል ማለት ነው። እድፉ በቀለሙ ላይ እንጂ ከቀለሙ በታች መሆን አልነበረበትም። ብዙ ጥሩ ሥዕሎች በጨርቅ መጋረጃ ይሸፈኑ ስለነበር ጨርቁ ቢጠፋ እንኳ የመርፌው ቀዳዳ ከሥዕሉ በላይ ይቀራል። ቀዳዳ አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሰው ሠራሹ ደማቅ አልትራማሪን ሰማያዊ የተገኘው በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ «የ15ኛው ክፍለ ዘመን» በተባለ ሥዕል ላይ ከተገኘ ሌላ ክርክር አያስፈልግም። በባዶ ቅጠል ላይ ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት የተጨመረ ሥዕል ግን የመጽሐፉ ታሪክ አካል እንጂ ማጭበርበር አይደለም።

ጥገናን መመዘን ከዚህ ይቀላል። ብራና ሲዳመጥ የተበሳ ቆዳ ከመጻፉ በፊት ይሰፋል፤ ጽሑፉም ቀዳዳውን ዞሮ ይሄዳል። በኋላ ተቀድዶ የተሰፋው ደግሞ መርፌው ፊደሉን ይበሳዋል። ሁለቱም መልካም ሥራ ናቸው፤ አንዱም ጉዳቱን አይደብቅም። መጥፎው የሚያብለጨልጭ ሙጫ፣ ከብራናው ጋር የማይስማማ ወረቀት፣ በጭስና በሻይ የተቀባ ወጥ ቡናማ መልክ ነው። እውነተኛ እርጅና ወጥ አይደለም፤ ዳሩ ሲጠቁር መሐሉ ይነጣል። አዲስ ድጉስም ብዙ ጊዜ ጌጡ ደነዝ፣ የቆዳው ማዕዘን ስለት ያለው ነው። ቆዳ ያልለበሰ የእንጨት ገበታ ብዙ መጻሕፍት የሚታወቁበት ስለሆነ፣ ለጌጥ ሲባል ማልበሱ ዋጋ ከመጨመር ይልቅ ይቀንሳል።

የደመቀ ፊደል በግእዝ የሚፈተን ነው። ቋንቋውን የማያውቅ እጅ የደበዘዘውን ሲከተል የፊደሉን እግር ያስረዝማል፣ ሣልሱን ሳድስ ያደርጋል፤ አንዲት የተለመደች ጸሎት ማንበብ የሚችል ዲያቆን ወዲያው ይይዘዋል።

ከሁሉ የከፋው ማደስ የባለቤትነት ማስታወሻን መፋቅ ነው። በጸሎት መካከል የባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላው መግባቱ የቆየ ልማድ ነው፤ መጽሐፍ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ይደረግ ነበር። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቅጠል ላይ መጽሐፉ የየትኛው ደብር ወይም ገዳም እንደሆነ የሚናገረው ማስታወሻ ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰርቀውንም የሚፍቀውንም አብሮ ያወግዛል። እዚያ ላይ ብራናው ከሌላው ሻክሮ፣ ሳስቶና ነጥቶ ከታየ፣ መጽሐፉ ከቤተ ክርስቲያን የወጣበትን መንገድ ለመሸፈን መፋቁ አይቀርም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ስለሚከለክል፣ ውጭ ሀገር የሚቀርብ ብራና የፈቃዱ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ሻጩ የሥዕሎቹን ፎቶ ደርድሮ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠሎችን፣ የጥራዙን ስፌትና የሥዕሉን ጀርባ ካላሳየ፣ እነዚህን መጠየቅ ይገባል፤ እምቢ ካለም ግዢው ይቀራል።