ምልክቱ የሚከተለኝ ኖታ

የባኽ «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» (እ.ኤ.አ. 1741) በአሪያ ይጀምርና 30 ቫሪየሽኖችን አልፎ እዚያው አሪያ ላይ ያርፋል። ብዙ እትሞች አሪያውን መጨረሻ ላይ ደግመው አያትሙትም፤ ተጫዋቹ መጽሐፉን ገልብጦ ወደ መጀመሪያው ገጽ መመለስ አለበት። ፎርስኮር በተባለው የኖታ ማንበቢያ መተግበሪያ ግን መጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት ነጥብ እተክላለሁ፤ ስነካት አሪያው ከተፍ ይላል።

የሚደንቀኝ ነጥቧ መሥራቷ ብቻ አይደለም፤ የትም ብሄድ መከተሏ ነው። ቤት አይፓዱ ላይ ያስቀመጥኳት ነጥብ፣ ከጣት ቁጥሮቼና «እዚህ ጋ አትቸኩል» ከሚለው ቀይ ጽሑፌ ጋር፣ ታክሲ ውስጥ ስልኬን ስከፍት ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። የኖታው ፒዲኤፍ ራሱ አይነካም፤ የጻፍኩት ጭረት ከላዩ እንደተነጠፈ ስስ ወረቀት ለብቻው ይቀመጣል፣ በአይክላውድም በኩል ወደ ሌላው መሣሪያ ያልፋል። ስልክ ላይ ፒያኖ አይጠናም እርግጥ፤ የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ ለማስታወስ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ብዙ ሰው ይህን በመሣሪያዎች መካከል ማመሳሰል እንደ ምትኬ ያየዋል፤ አይደለም። አንዱ ላይ የሰረዙት ሌላውም ላይ ይሰረዛል፤ ስለዚህ መጠባበቂያ ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው። ኔትወርክ የሌለበት አዳራሽ ደርሶ ፋይሉ ገና አልወረደም ከሚባል ችግር ለመዳንም፣ ዋይፋይ ካለበት ሳልወጣ ሁለቱንም መሣሪያ ከፍቼ ኖታዎቹን አንድ በአንድ አያለሁ።