አንድ ቃል በሕጉ፣ ሁለት ቃል በቤቱ፦ የጅቡቲ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 333 ከቋንቋ አንጻር ሲመረመር

ሕግ የኅብረተሰብን ለውጥ ይመራል ወይስ ይከተላል የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ለሕግ ሊቃውንት ይተዋል። በጅቡቲ ከተማ ግን ጥያቄው በቅድሚያ የቋንቋ ጥያቄ ነው። የ1992ቱ ሕገ መንግሥት (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ የደነገገው ዐረብኛንና ፈረንሳይኛን ነው። ሶማልኛና አፋርኛ የአብዛኛው ሕዝብ የአፍ መፍቻ ቢሆኑም ከዚያ ማዕርግ አልደረሱም። የወንጀል ሕጉ የሚጠቀሰውና የሚተነተነው በፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ሊለውጠው የተነሣው ኑሮ የሚኖረው በሌላ ልሳን ነው።

ይህ ርቀት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በ1995 በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 333 ላይ ነው። አንቀጹ የሴት ልጅን ብልት ወደ ማጉደል ያደረሰ የኃይል ድርጊት በ5 ዓመት እስራትና በ1,000,000 የጅቡቲ ፍራንክ መቀጮ እንዲቀጣ ያዝዛል። ቅጣቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም ሕጉ ከወጣ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ፤ በ2006 በተደረገ ብሔራዊ ጥናትም ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከመቶ 93ቱ የተገረዙ ሆነው ተገኙ። እርግጥ አብዛኞቹ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የተገረዙ በመሆናቸው ቁጥሩ ብቻውን የሕጉን ከንቱነት አያረጋግጥም። ሕጉ ምን ያህል ሥር የሰደደ ልማድ እንደገጠመው ግን ያሳያል።

የአንቀጹ ድክመት ከዓረፍተ ነገሩ አሠራር ይጀምራል። ባለቤቱ «የኃይል ድርጊት» ነው፤ አድራጊ ሰው በስሙ አይጠራም። ኃይል የሚለው ቃል ደግሞ ጥቃት አድራሽን፣ ምናልባትም ጠላትን፣ በአንባቢው ኅሊና ያመጣል። ልጅቷን ይዛ የምትቀርበው ግን እናት ወይም አያት ናት፤ የምታደርገውንም ለልጅቷ ክብርና ለትዳሯ ብላ ነው የምታደርገው። ሕጉ ቢነበብላት እንኳ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ራሷን አታገኝም። «ማጉደል» ወይም «አካል ማጉደል» የሚለው ስያሜም እንዲሁ ነው፤ ፍርዱን በስሙ ውስጥ አስቀድሞ ሰጥቶ ይነሣል። የሶማልኛው «ጉድኒን»፣ እንደ አማርኛው «ግርዛት»፣ ለወንዱም ለሴቷም የሚያገለግል የክብር ቃል ነው። አንድ ወግ ያለው ሰው የወግ ቃሉን በወንጀል ቃል ለውጦ እንዲሰማ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ግን ከዚህ ይልቃል። በሶማልኛ ተናጋሪው ቤት ነገሩ የሚጠራው በሁለት ስም ነው። ቆርጦ የሚሰፋው «ፊርዖኒ» ይባላል፤ ከሙሴ ባላንጣ ከፈርዖን ስም ጋር ስለተቆራኘ ለሙስሊም ጆሮ አስቀድሞም ነውር አለበት። ቀለል ያለ ነው የሚባለው «ሱና» ሲሆን የነቢዩን መንገድ በስሙ ይሸከማል። እንግዲህ በፈረንሳይኛ አንድ የሆነው ክልከላ ወደ ቤት ሲገባ በሁለት ይከፈላል፦ ፊርዖኒው ይወገዛል፣ ሱናው ያመልጣል። ሕጉ ያስለወጠው ነገር ካለ በከፊል ስያሜውን ነው። በየካቲት 2005 በጅቡቲ ከተማ የፖለቲካና የሃይማኖት ሰዎች በጉዳዩ ላይ በተሰበሰቡ ጊዜ ክርክሩ በሃይማኖት ዙሪያ መክረሩ ከዚህ የተነሣ ነው፤ አገሪቱ የማፑቶን ፕሮቶኮል ያጸደቀችውም በዚያው ወር ነው።

የኢትዮጵያ የ2004 የወንጀል ሕግ ተቃራኒውን መንገድ ሄዷል። አንቀጽ 565 ግርዛትን ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ሲቀጣ፣ አንቀጽ 566 መስፋትን ለብቻው ነጥሎ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይወስንበታል። በነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛው ቅጂ የበላይነት ስላለው፣ ክልከላው ቢያንስ ለአማርኛ ተናጋሪው የደረሰው ራሱ በሚያውቀው ቃል ነው። ለሶማሌና ለአፋር ክልል እናት ግን አማርኛውም ከፈረንሳይኛው ያነሰ ባዕድ አይደለም፤ ይህን የአዲስ አበባ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። ደግሞም በቤት ያለውን የሁለት ቃል ልዩነት ሕጉ ተቀብሎ ዋጋ ሲያወጣለት፣ ቀላሉ ግርዛት በመቀጮ ብቻ የሚታለፍ ሆነ። የኢትዮጵያው ሕግ አነጋገርን አንጸባረቀ፣ የጅቡቲው ግን አነጋገርን ሳይሰማ አለፈ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ቢባል የጅቡቲው በሐሳቡ ይበልጣል፤ አንዲት ልጅ የተቆረጠችበት ስም ለቁስሉ ለውጥ የለውምና።

በሐምሌ 2009 የወጣው የጅቡቲ ማሻሻያ ጉድለቱን በከፊል ተረድቷል። ድርጊቱን ተርጉሞ ማንኛውንም ከሕክምና ውጭ የሆነ መቁረጥ አካተተ፤ እያወቀ ያላመለከተም እንዲቀጣ አደረገ። ትርጓሜው ግን አሁንም በፈረንሳይኛ ነው፤ «ሱና» የሚለው ቃል ካልተጠራ አንባቢው ሱናውን ከትርጓሜው ውጭ አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

ለዚህ መድኃኒቱ ወደ ባህላዊ ሕግ መመለስ ነው የሚሉ አሉ። በ2024 ዩኔስኮ ከኢትዮጵያ፣ ከጅቡቲና ከሶማሊያ በጋራ የመዘገበው የኢሳዎች የቃል ሕግ፣ ሄር ኢሴ፣ ለሁሉ በሚገባ ልሳን የሚነገር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በዛፉ ሥር በወግ የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው፤ ይህ ጉዳይ ደግሞ በሴቶች መካከል ተጀምሮ በሴቶች መካከል የሚያልቅ ነው። ከዚህ ይልቅ ተስፋ የሚሰጠው የጅቡቲ ሴቶች ብሔራዊ ማኅበር በ2007 በከተማዋ የከፈተው የማድመጫ ክፍል ነው፤ በዚያ የተበደለችው ሴት አስቀድማ ትናገራለች፣ የሕጉ ቃል ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የቀረው ሥራ የተርጓሚ ነው። የአገሪቱ ሬዲዮ በፈረንሳይኛ፣ በዐረብኛ፣ በሶማልኛና በአፋርኛ ያሰራጫል። ስለ አንቀጽ 333 በሶማልኛ የሚናገር ሰው «ጉድኒን» ብቻ ቢል የወንዱ ልጅ ግርዛትም የተከለከለ ይመስላል፤ «ፊርዖኒ» ብሎ ቢጨምር ሱናው ከክልከላው ይወጣል፤ የፈረንሳይኛውን ስያሜ ቃል በቃል ቢመልሰው አድማጩ ስለ ሌላ ሰው ወንጀል የሚሰማ ይመስለዋል።