ኔጋቲቩን አትጣሉት

ዘንድሮ ጎብዬ የተመደበ ወጣት የፊዚክስ መምህር «የማግኒፊኬሽንን ምልክት በየትኛው ሕግ ላስተምር?» ብሎ ጠየቀኝ። ግራ ያጋቡት ተማሪዎቹ በስልካቸው የሚከታተሏቸው የህንድ መምህራን ናቸው። እነሱ ርቀትን እንደ ግራፍ ስለሚለኩ ከሌንሱ በስተግራ ያለ ዕቃ ኔጋቲቭ ርቀት ይይዛል፤ እኛ ደግሞ እውን የሆነውን ሁሉ ፖዘቲቭ እንላለን።

ከሌንሱ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሻማ ይቁም፤ የትኩረት ርቀቱ 10 ከሆነ ምስሉ 15 ላይ ይወድቃል። እኛ 15ን ለ30 አካፍለን ፊቱ ላይ ኔጋቲቭ እንጨምራለን፤ እነሱ +15ን ለ−30 ያካፍላሉ። ሁለቱም −0.5 ነው፤ ምስሉ ተገልብጦ የሻማውን ግማሽ ያህላል። ተማሪ የሚሳሳተው የአንዱን ርቀት በሌላው ቀመር ሲያስገባ ነው። አንዱን ይዞ መጨረስ ነው፤ በዚህ አልከራከርም።

የምከራከረው ምልክቱን ጥለው ቁጥሩን ብቻ ከሚያስተምሩት ጋር ነው። የምልክቱን ትርጉም ያልተማረ ልጅ −2 ሲያይ «ምስሉ አንሷል» ይላል፤ በቁጥር መስመር ላይ −2 ከ1 ያንሳላ! ምልክቱ ግን መቆሙን ወይም መገልበጡን እንጂ መጠኑን አይናገርም። ለምሳሌ የባጃጅ የጎን መስታወት ኮንቬክስ ነው። የትኩረት ርቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 2 ሜትር ላይ የቆመ ሰው በ+0.2 ይታያል፤ ፖዘቲቭ ሆኖ የቁመቱን አንድ አምስተኛ ብቻ ያህላል።

እኔ ቀመር ከመጻፌ በፊት ከአንዱ በቀር የክፍሉን መስኮቶች አዘጋለሁ። ማጉያ ሌንስ ነጭ ወረቀት ፊት ስይዝ ከደጅ ያለው የወልድያ–ቆቦ አስፋልት ወረቀቱ ላይ ይወርዳል፤ ሰማዩ ከታች፣ ባጃጁ ጎማውን ወደ ላይ አድርጎ። ወደ ቆቦ የሚሄደው ምስሉ ላይ ወደ ወልድያ ይሄዳል። ግራና ቀኙም መገልበጡን ልጆቹ ሳልነግራቸው ይደርሱበታል።

ነገሩ ለእኔ የክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ትራኮማ የእናቴን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ አጥፎት ዓይኗን ሲፍቃት፣ ለዓመታት በወረንጦ ስንነቅልላት ኖረናል። ኋላ ቀዶ ጥገናውን የሠራላት ነርስ ማጉያ አድርጎ ነበር፤ ×2.5 ይላል። ምልክት አልተጻፈበትም እንጂ ፖዘቲቭ ነው። ማጉያው በአሠራሩ ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው። ሁለት ኮንቬክስ ሌንስ ያለው የኬፕለር ቴሌስኮፕ ግን ምስል ይገለብጣል፤ ኮከብ ለሚያይ ሰው ግድ የለውም። ነርሱ ግን በ−2.5 ቢያይ ኖሮ መርፌውን ሽቅብ ሲያነሳ ቁልቁል ሲወርድ ያየው ነበር። ለዚህ ነው እንዲህ ያለው ማጉያ በጋሊሊዮ መንገድ የሚሠራው፤ ከዓይን በኩል ኮንኬቭ ሌንስ ይገባበትና ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል።