የዛር ፈረስና የታሰረው ሰው፤ ስለ አእምሮ ሕመም በአገራችን የተጻፉ ጥናቶች ሲመረመሩ

ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ኑሮና ልማድ የውጭ አገር ሊቃውንት በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ የዛር ነገር ሰፊ ቦታ ይዞ ይገኛል። ከዚህም የተነሣ አንድ ተማሪ «በአገራችን የአእምሮ ሕመም እንዴት ይታሰባል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን ከዛር ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም በዛር ይጨርሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መልስ ከየት እንደ መጣ፣ ምን ዕውቀት እንዳተረፈልንና ማንን ከዓይናችን እንደ ሰወረብን መመርመር ነው። ለዚሁም በ1958 የታተሙትን የሚሼል ሌሪስንና የሲሞን ሜሲንግን ሁለት ሥራዎች በአንድ ወገን፣ ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሐኪሞች በቡታጅራና በአካባቢው ያደረጓቸውን ጥናቶች በሌላ ወገን አድርገን እናነጻጽራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሌሪስ ጎንደር የገባው በ1932 በማርሴል ግሪዮል መሪነት አፍሪካን ከዳካር እስከ ጅቡቲ ካቋረጠው የጥናት ጓድ ጋር ነው። በጎንደርም መልካም አያሁ ወደ ተባሉት፣ በዕድሜ ወደ ገፉት የባለዛሮች አለቃ ቤት እየተመላለሰ ወራት አሳለፈ። የሚነገረውን የሚያስተረጕሙለትና በአማርኛ የሚጽፉለት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ፤ እርሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ከዚያ ቤት ወደ እኛ የደረሰው ቃል እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር። ሌሪስ የዕለት ማስታወሻውን በ1934 አሳተመ፤ የጎንደርን ዛር ብቻ የሚመለከተውን መጽሐፉን ግን ያወጣው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1958 ነው።

የመጽሐፉ ዋና አሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ዛር የሰፈረባት ሴት ስትጐራ፣ በዛሩ ስም ስትፎክርና ስትናገር ትያትር የምትሠራ ትመስላለች፤ ነገር ግን ትያትሩ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚኖሩበት ትያትር ነው። ዛሮቹም በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ ተሰቀሉ ልብሶች ናቸው፤ ሴቲቱ እንደ ጊዜውና እንደ ጕዳዩ አንዱን አውልቃ ሌላውን ትለብሳለች። በዚህ አስተያየት ሌሪስ ሁለት ስሕተቶችን አምልጧል። አንደኛ፣ ባለዛሮቹን አታላዮች ናቸው አላለም። ሁለተኛ፣ የአውሮፓን የሕክምና መጽሐፍ ገልጦ የበሽታ ስም አልለጠፈባቸውም። ይህ በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ምስጋናም ይገባዋል።

ጕድለቱ ከዚሁ ከበጎነቱ ይመነጫል። ትያትር ያለ ተመልካች አይኖርም፤ ተመልካቹም የሚመጣው ከበሮው ሲመታ ነው። የ1934ቱ ማስታወሻ የቤቱን ጠብ፣ የገንዘቡን ጭቅጭቅ፣ ጸሐፊው ራሱ ለግብር የሚታረዱትን እንስሳት በገንዘብ እንደ ረዳ ሳይቀር ይናገራል። የ1958ቱ መጽሐፍ ግን የትያትርን ጥያቄ መሪ ስላደረገ የአንባቢውን ዓይን ወደ መድረኩ ይስባል። ሴቲቱ በማግስቱ ጠዋት እንዴት እንደ ነቃች፣ ጠላውን ማን እንደ ጠመቀው፣ ባልዋ ምን እንዳላት፣ ሕመሙ ከዓመት ዓመት እየቀለለ ወይም እየከበደ መሄዱን በዚያው ጥንቃቄ የተከታተለ ክፍል የለም።

ሜሲንግ በዚያው ዓመት በአሜሪካ የአንትሮፖሎጂ መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ከሌሪስ መጽሐፍ እጅግ ያጠረ ነው፤ ነገር ግን ሌሪስ ያልጠየቀውን ይጠይቃል። የዛር ቤት ለበሽተኛዋ ምን ይጠቅማታል? መልሱም የዛር ቤት በኅብረት የሚታከሙበት ማኅበር ነው የሚል ነው። ወደዚያ የሚሄዱት አብዛኞቹ ባለ ትዳር ሴቶች ናቸው፤ በቤታቸው ድምፃቸው የማይሰማ፣ በቤተ ክርስቲያንም አገልግሎት ቦታ የሌላቸው ናቸው። በዛሩ አፍ የሚጠየቀውን ልብስና ጌጥ ባል ለመከልከል ይቸገራል። ከሁሉም ይልቅ ሜሲንግ አንድ ቁም ነገር አስተውሏል፤ ይኸውም የዛር ቤት ፈውስ አይሰጥም። ዛሩ በግብር ይለመናል፣ ይታረቃል፣ ጠባቂም ይሆናል ተብሎ ይታመናል እንጂ ፈጽሞ አይወጣም። ሕመምተኛዋም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የማኅበሩ አባል ሆና ትኖራለች።

በዚህ ጽሑፍ ላይ የምናቀርበው ተቃውሞ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «የኅብረት ሕክምና» የሚለው ቃል ከራሱ ከጸሐፊው አገር ሆስፒታል የተዋሰው ነው፤ ቃሉም ከነትርጕሙ ስለ መጣ ሁሉ ነገር ጠቃሚ ሆኖ ይታያል። ያልጠቀማት ሴት የት ደረሰች? ለግብሩ ገንዘብ ያጣችስ? ከዚህም በላይ ለዛር ቤት ጠባይ የማይስማማው፣ ለማንም ቃል የማይመልሰው፣ ሌሊቱን ሲዞር የሚያድረው ሰው የት ሄደ? ማኅበር የሚቻለው ማኅበርተኛ መሆን ለሚችል ሰው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ቋንቋችን መመለስ ይጠቅማል፤ አማርኛ ሁለቱን ሰዎች አይቀላቅልምና። ዛር የሰፈረባት ሴት «የዛር ፈረስ» ትባላለች። ፈረስ ባለቤት አለው፤ የሚጋለብበትም የሚያርፍበትም ቀን አለው። ዛሩ ሲወርድላት ተመልሳ ሚስት፣ እናት፣ ጎረቤት ናት። ስለ ሌላው ሰው የምንናገረው ግን በሌላ ዓይነት ነው። መጀመሪያ «ነካ አድርጎታል» ይባላል፤ ቀጥሎ «ቀወሰ»፤ በመጨረሻም «ለየለት» ይባላል። «ለየለት» የሚለው ቃል ሊጤን ይገባዋል፤ ዘመዶቹ ሲጠራጠሩ፣ ሲጠብቁና ሲደብቁ የቆዩበት ዘመን ማለቁን ያመለክታልና። «ጨርቁን ጣለ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ አዘቅዝቆ ለቅሶ መድረስ፣ አጣፍቶ ሽማግሌ ፊት መቆም የሰውነት ምልክት በሆነበት አገር ጨርቁን የጣለ ሰው ከሰው መካከል እንደ ወጣ ይቈጠራል። ፈረሷ በዛር ምክንያት አዲስ ልብስ ታገኛለች፤ ይኸኛው የነበረውን ያጣል። ሌሪስም ሜሲንግም ይህን ሰው አልጻፉትም።

«ሕዝቡ ዕብደትንም ከዛርና ከመንፈስ ያመጣው የለምን? ታዲያ ለምን ትለያቸዋለህ?» የሚል ተቃዋሚ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ምክንያቱ አንድ ሊባል ይችላል። ነገር ግን የሕመሙ ምክንያት ሌላ፣ የሕመምተኛው ዕጣ ሌላ ነው። ለሁለቱም ምክንያቱ መንፈስ ነው ቢባል እንኳ፣ አንዲቱ ከመደብ ላይ ተቀምጣ ቡና ሲቀርብላት አንዱ ከምሰሶ ጋር ታስሮ ይገኛል። የኑሮ ልማድን የሚያጠና ሰው መጠየቅ ያለበት መንፈሱ ማን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ገመዱን ማን እንዳሰረውና ለምን እንዳሰረውም ነው።

ይህን ሰው ከጽሑፍ ያገባው የልማድ ተመራማሪ ሳይሆን ሐኪም ነው። በቡታጅራ የተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎችን በመጠየቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ፈልጎ አገኘ። ስኪዞፍሬንያ ከተባለው፣ አሳብንና ስሜትን ከሚለያየው ሕመም ጋር የሚኖሩት አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ ለአንዲት ሴት አምስት ወንድ ያኽል ይደርሳል። ከእነርሱም ለሕመሙ የሚሰጠውን መድኃኒት ከዚያ በፊት የቀመሱት ከመቶው ዐሥር አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የዐሥር ዓመት ክትትል ደግሞ ከ919 ከባድ ሕመምተኞች 121ዱ እንደ ሞቱ ያስረዳል። ዕድሜያቸው ከሌላው ሰው በሠላሳ ዓመት ያኽል ያጠረ ነበር፤ ከሞቱትም ግማሽ ያኽሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ ደግሞ እንዲያነበው እንለምናለን። ብዙዎቹን የገደላቸው ሌላውንም ሰው የሚይዘው ተራ በሽታ ነው። እንዲህ ያለው ሞት ስለ ምግብ፣ ስለ መኝታ፣ ስለ ንጽሕና፣ ሲያተኵስ «ሐኪም ዘንድ ውሰዱት» የሚል ሰው ስለ መኖሩና ስላለመኖሩ ይናገራል። እነዚህ ደግሞ የቤትና የጎረቤት ጉዳዮች ናቸው፤ ማለትም የእኛ የጥናት መስክ ናቸው።

የሐኪሞቹም ሥራ ከነቀፋ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ጽሑፍ መቶ ለሚሆኑ የአገር አዋቂዎች የሕመምተኞችን ታሪክ አስነግሮ አስተያየታቸውን ጠየቀ፤ ሕዝቡ የአእምሮ ሕመም ምልክት አድርጎ የሚመለከተው ለፍላፊነትን፣ ቍጡነትንና እንግዳ ጠባይን መሆኑን፣ ለዚህም ከዘመናዊ ሕክምና ይልቅ ባህላዊውን መምረጡን አሳየ። በ2001 የወጣው ደግሞ 178 ዘመዶችን ጠይቆ ከመቶ 75ቱ በሕመምተኛው ምክንያት መገለል እንደ ደረሰባቸው ወይም እንደ ተሰማቸው፣ 37ቱም ነገሩን ለመሰወር እንደሚፈልጉ ገለጠ። እነዚህ ጠቃሚ ዕውቀቶች ናቸው። ነገር ግን በመጀመሪያው አዋቂው፣ በሁለተኛው ዘመዱ ይናገራል፤ ሕመምተኛው ራሱ ዝም ይላል። ዝም ብሎ የተቀመጠው፣ ማንንም የማይሰድበውና የማይመታው ሕመምተኛም «ምልክት» ስለሌለው ከጎረቤት ዓይን ይሰወራል። በጎንደር የተጻፈው መጽሐፍ ቃል ሞልቶት ቍጥር የለውም፤ በቡታጅራ የተጻፈው ቍጥር ሞልቶት ቃል ያንሰዋል።

ይህን ጕድለት ለመሙላት የሞከረው በ2017 ከቡታጅራ አጠገብ ከሶዶ ወረዳ የተገኘው ጥናት ነው። ጕዳዩ በቤት ውስጥ በሰንሰለትና በገመድ ስለ ታሰሩ ሕመምተኞች ሲሆን፣ የታሰሩትም ያሰሩትም ተጠይቀዋል። ያሰሩት ዘመዶች ጨካኞች ሆነው አልተገኙም፤ ሰውየው ራሱን ወይም ጎረቤቱን እንዳይጐዳ፣ ጠፍቶም እንዳይቀር፣ ወደ ሕክምናም ለማድረስ ሌላ መንገድ ስላጡ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ገመዱን «ልማድ» ብሎ ለመመዝገብ እጁ ይያዛል። ገመዱ የችግር መፍትሔ ነው፤ ችግሩም የሕክምና መራቅና የጎረቤት መሸሽ ነው።

ጎንደርና ጉራጌ አንድ አለመሆናቸውን አንዘነጋም፤ የጎንደርን ዛር ወስዶ የቡታጅራን ቍጥር መተርጐም ስሕተት ይሆናል። ሆኖም ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። በሌሎች አገሮች በስኪዞፍሬንያ የሚያዙት ወንዶችና ሴቶች ቍጥር እንዲህ የተራራቀ አይደለም። በቡታጅራ ታዲያ ሴቶቹ የት ናቸው? ከጓዳ ተሰውረው፣ በመንፈስ ስም ሌላ ቦታ ተጠልለው፣ ወይስ ገና ሳይቈጠሩ ሞተው? ቆጣሪው በደጅ ቆሞ ይህን ሊመልስ አይችልም፤ ጓዳ የሚገባና ለዓመት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

ከዛር ቤት የሚገኝ ትምህርት የለም ማለታችን አይደለም። ሜሲንግ ያስተዋለው ነገር፣ ማለትም ሕመሙ ባይወጣም ታርቀው የሚኖሩበት ሥርዓት መኖሩ፣ ከሐኪሙ ትምህርት ጋር የማይጣላ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም በአንድ መርፌ የሚድን አይደለምና፤ የሚፈልገው ክትትል፣ የታወቀ ቀን፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው ነው። የአዲስ አበባው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የአገሩ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ቤት ሆኖ ኖሯል፤ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1987፣ የልዩ ሐኪሞችም ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ተጀመረ። በ2022 የታተመ ሙከራም በጤና ጣቢያ ያሉ መደበኛ ሠራተኞች ሠልጥነው የሚሰጡት ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ ማለት ሕመምተኛው በእግሩ ሄዶ በሚመለስበት ቦታ ሊረዳ ይችላል ማለት ነው። የዛርን ቤት ግን ያለ ልክ ማሞገስ አይገባም፤ ግብሩ ድኻን ያስበድራል፤ በዚያ የሚያልፈው ጊዜም ለአንዳንዱ የማይመለስ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ለተማሪዎቻችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ወደ ዛር ቤት የሚሄድ ከበሮው ካበቃ በኋላ ይቈይ፤ ከአንዲት ሴት ጋር ከአንዱ ግብር እስከ ሌላው ግብር ይክረም። ወደ ጠበል የሚሄድ ደግሞ የሚጮኸውን ብቻ ሳይሆን ሰባት ቀን ሙሉ በአጠገቡ ተቀምጣ ሽሮ የምታቀርብለትን እናት ይጠይቅ። ወደ መንደር የሚገባ የታሰረውን ሰው ስም ይጠይቅ፤ ሳይታመም በፊት ምን እንደ ነበረ፣ መቼ እንደሚፈታ፣ ሲፈታ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ስለ ራሱ ምን እንደሚል በራሱ አማርኛ ወይም በራሱ ጉራግኛ ይጻፍ። አባ ጀሮም በጎንደር የባለዛሮችን ቃል መዝግበዋል። ለታሰረው ሰው እንዲህ ያለ ጸሐፊ ገና አልተገኘለትም።