የኦሞ ሙግትና የካስኬ አሸዋ

ስለ ታችኛው ኦሞ ሸለቆ ባለፉት ሃያ ዓመታት የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ወንዙን የሚያየው በሜትር ኩብ ነው። ምን ያህል ይወርዳል፣ ግድቡ ምን ያህሉን ይይዛል፣ ሸንኮራ አገዳው ምን ያህሉን ይጠጣል? ደጋፊውም ተቃዋሚውም በመለኪያው ተስማምተው በቁጥሩ ይጣላሉ። በእኔ እይታ የፍትሑ ጥያቄ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ውሃው መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው ማን ነው? ስለ ውሳኔውስ ማን ይጠየቃል?

በውሃ ሸሽ እርሻ እንጀምር። በደጋው የዘነበው የክረምት ዝናብ ኦሞን ሞልቶ ዳርቻውን ያለብሰው ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ካሮው፣ ሙርሲው፣ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ በቀረው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ሙርሲዎች ዘንድ የተመላለሰው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ይህ እርሻ ከዝናብ እርሻውና ከከብት ርቢው ጋር እንዴት እንደተጋመደ አሳይቷል፤ አንዱ ሲከዳ ሌላው ይደርስ ነበር። በኦሞ ላይ የተሠራው የጊቤ 3 ግድብ ውሃ መያዝ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ በየዓመቱ ለ10 ቀን ያህል ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቅ ብሎ ነበር። ሐሳቡ በቅን ልቦና የቀረበ ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ሙላቱ ከክረምት እጅ ወጥቶ መቆጣጠሪያ ክፍል ገባ ማለት ነው።

የግድቡ ግንባታ ውል የተፈረመው ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ነው። በወሩ፣ ነሐሴ ላይ፣ ኦሞ ዳሰነችን አጥለቅልቆ ከ360 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘገበ፤ ግድቡም የጎርፍ መከላከያ ተብሎ ተሞገሰ። ተቺዎቹ በበኩላቸው ቱርካና ሐይቅ ክፉኛ ይጎድላል አሉ። ከሐይቁ ገባር ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኦሞ ስለሚመጣ ስጋታቸው መሠረት ነበረው፤ ዩኔስኮም ሰኔ 2010 ዓ.ም. የሐይቁን ፓርኮች በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባ። በኋላ የጣለው ከባድ ዝናብ ግን ለሁለቱም አልታዘዘም። ሐይቁ ከፍ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. የዳሰነች መንደሮችና ግጦሾች በውሃ ተውጠው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። «ትንበያው ከሸፈ፣ እንግዲያው ጉዳት አልደረሰም» የሚለውን ድምዳሜ አልቀበልም። ዳሰነቹ ማሽላ የሚዘራበትን ጎርፍ አጥቶ ቤቱን የሚወስደውን አገኘ።

በሐመሮች አገር፣ በቱርሚ ከተማ፣ ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል። የሐመር ወንዝ ካስኬ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ደራሽ ወርዶበት ያልፋል፤ የቀረው ውሃ ከፀሐይ ተሸሽጎ አሸዋው ሥር ይቀመጣል። ሴቶችና ልጃገረዶች አሸዋውን ጭረው እስከ ወገባቸው ይገባሉ፤ ውሃው እስኪያቆር ይጠብቁና በቅል እየቀዱ ቢጫውን ጀሪካን ይሞላሉ። በልጉ ሲከዳ ጉድጓዱ ይጠልቃል፣ ጥበቃውም ይረዝማል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ድርቅ ከብት ሲያልቅ ጥፋተኛ የሚባል ግድብ አልነበረም፤ ስለዚህ ካሳ የሚጠየቅበትም ሆነ ተጽዕኖ የሚጠናበት መዝገብ አልተከፈተም። የኦሞን ፍትሕ የሚሞግተው ጽሑፍ ሐመርን በአብዛኛው የሚዘለው በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። (የቱርሚን ሰኞ ገበያና የከብት ዝላዩን ሥርዓት ግን ማንም ካሜራ አልዘለለውም።)

አንትሮፖሎጂስቶቹ ጂን ሊዳልና ኢቮ ሽትሬከር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ሥራ የሐመሩ ባልዳምቤ አገሩን በራሱ አንደበት ያስረዳል። እዚያ ዝናብና ደኅንነት ባለቤት አላቸው፤ ሰው ቢታው (የሥርዓት መሪው) ዘንድ ሄዶ ባርጆ፣ ማለትም በረከትና ደኅንነት፣ እንዲጠራለት ይጠይቃል። ቢታው ዝናብ ያወርዳል አያወርድም የሚለው ክርክር እዚህ አያስፈልገንም። ዋናው፣ ሰማዩ ሲዘጋ ሰው የሚያንኳኳው ደጅ መኖሩ ነው። የካሮ ሽማግሌ ግን የግድቡን በር የሚከፍተውንና የሚዘጋውን መሐንዲስ የሚያገኝበት እንዲህ ያለ ደጅ የለውም።

ጥር 2003 ዓ.ም. ጂንካ ላይ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የመስኖና የስኳር ልማቱን ሲያበስሩ፣ ተቺዎቹን አርብቶ አደሩን የቱሪስት መስህብ አድርገው ሊያቆዩት ይሻሉ ብለው ነቅፈዋል። ነቀፌታው ለአንዳንዱ ጽሑፍ ይገባው ነበር። ሆኖም ልማቱም አርብቶ አደሩን በውሃው ቀን ላይ ባለድምፅ አላደረገውም። የሚለቀቀው ውሃ ቀንና መጠን ለካሮ፣ ለኛንጋቶምና ለዳሰነች ሽማግሌዎች ከመዝሪያው በፊት በየቋንቋቸው ይነገር፤ ሲቃወሙም ቀኑ የሚቀየርበት አሠራር ይኑር። በሐመር ደግሞ በድርቅ መቋቋሚያ ስም አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የፓምፑ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ካስኬ ውስጥ አሸዋ የሚጭሩት ሴቶች ይጠየቁ።